የእንዶዱ ሊቅ፦ ዶክተር አክሊሉ ለማ



ካንሰርን ለመመርመር የደከሙ ሊቃውንት በልዩ ልዩ አገሮች ብሔራዊ የክብር ሽልማት ይሰጣቸዋል። ይህም የሚገባ ነው። ይሁን እንጂ ስለ እንዲህ ያለ ሽልማት ስንሰማ አብዛኞቻችን ቶሎ የምናስበው አዲስ መድኃኒት የቀመመውን ወይም አዲስ የሕክምና ዘዴ ያገኘውን ሐኪም ነው። በሽታው ወደ ሰው አካል ሳይገባ በሩን ለመዝጋት የደከመውን ሰው ግን እምብዛም አናስታውሰውም። በዚህ ጽሑፋችን የምናነሣቸው ኢትዮጵያዊ ሊቅ ዶክተር አክሊሉ ለማ ከእንዲህ ዓይነቶቹ ሰዎች አንዱ ነበሩ። የታወቁት በካንሰር ተመራማሪነት አይደለም፤ ዕድሜያቸውን የሰጡለት ሥራ ግን ከካንሰር ጋር የሚገናኝበት መንገድ አለ።

ቢልሃርዚያ በጥቃቅን ትሎች የሚመጣ በሽታ ነው። ትሉ ከዕድገቱ ከፊሉን የሚፈጽመው በተኛ ወይም በዝግታ በሚፈስ ውኃ ውስጥ በሚኖሩ ቀንድ አውጣዎች አካል ነው። ከዚያ ወጥቶ በውኃው የሚዋኘውን ልጅ፣ ልብስ የምታጥበውን እናት፣ በመስኖ የሚሠራውን ገበሬ በቆዳው በኩል ይገባበታል። በአገራችን የዚህ በሽታ ሁለት ዓይነት ይገኛል። አንደኛው አንጀትንና ጉበትን የሚጎዳው ነው፤ በብዙ የአገሪቱ ክፍሎች ተሠራጭቷል። ሁለተኛው የሽንት ፊኛን የሚያጠቃው ሲሆን የሚታየው በቆላማ ስፍራዎች፣ እንደ መካከለኛው አዋሽ ባሉት ነው። ይህ ሁለተኛው ዓይነት ሽንትን ከደም ይቀላቅላል፤ ለዓመታት ሳይታከም ከቀረም ፊኛን እያቆሰለ ለካንሰር ሊያደርስ ይችላል። በዓለም ጤና ድርጅት ሥር የሚገኘው የካንሰር ምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ1994 ይህን ትል በሰው ላይ ካንሰር ከሚያመጡት ነገሮች መካከል መድቦታል።

በአቃቂ በሰቃ ለሚኖሩ አንባብያን ነገሩ ሩቅ አይደለም። በደጃቸው የሚያልፈው የአቃቂ ወንዝ በአባ ሳሙኤል በኩል ወርዶ ከአዋሽ ይገባል። በአዋሽ ሸለቆ ደግሞ የመስኖ እርሻ ሲስፋፋ ለቀንድ አውጣው የሚመች ውኃ በዛ፤ በሽታውም እንጀራ ፍለጋ ወደ እርሻዎቹ የወረደውን ሠራተኛና ልጆቹን አገኘ።

ዶክተር አክሊሉ በአሜሪካ አገር በሚገኘው በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ትምህርታቸውን ፈጽመው ወደ አገራቸው የተመለሱት በወጣትነታቸው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1964 የቢልሃርዚያን አስተላላፊ ቀንድ አውጣዎች ለማጥናት ወደ አድዋ ሄዱ። በዚያ ወንዝ ዳር እናቶች እንደ አያት ቅድመ አያታቸው በእንዶድ ልብስ ያጥቡ ነበር። ወጣቱ ተመራማሪ ወንዙን ሲቃኙ ከአጣቢዎቹ በታች ባለው ውኃ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በብዛት እንደሚታዩ፣ በሌላው ስፍራ ግን እንደዚያ እንዳልሆነ አስተዋሉ። ወዲያውም ሕያዋን ቀንድ አውጣዎችን በዕቃ አድርገው ከሴቶቹ አንዷን ከእንዶዱ አረፋ ጥቂት እንድትጨምርበት ጠየቁ። ቀንድ አውጣዎቹ ሞቱ።

ነገሩ ሲነገር ቀላል ይመስላል። እንዶድን ግን በደጋው አገር የማያውቀው ሰው አልነበረም፤ ነጠላና ጋቢ ሲነጻበት የኖረ ተክል ነው። አረፋው በወንዙ ምን እንደሚሠራ ጠይቆ የመረመረ የሳይንስ ሰው ግን እስከዚያ ቀን አልተሰማም ነበር። የዶክተር አክሊሉ ትልቅነት የሚጀምረው ከዚህ ነው፤ ከውጭ አገር ይዘውት የመጡት ትምህርት የአገራቸውን እናቶች ሥራ ከማየት አላገዳቸውም።

እ.ኤ.አ. በ1966 በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩትን አቋቁመው የመጀመሪያው ዳይሬክተር ሆኑ። እንዶድን በአድዋ ወንዞች ላይ ለአምስት ዓመታት ያህል ሲሞክሩ፣ ዕድሜያቸው ከአንድ እስከ ስድስት ዓመት ከሆነ ሕፃናት መካከል በሽታው የተገኘባቸው ከመቶ 50 የነበሩት ወደ ከመቶ 7 ዝቅ አሉ። አድዋ ላይ የነበረው የአንጀቱ ዓይነት ነው፤ ይሁን እንጂ እንዶድ የፊኛውን ዓይነት የሚያስተላልፉትንም ቀንድ አውጣዎች ይገድላል። ለዚሁ ተግባር ከውጭ ይገባ የነበረው ኬሚካል በውድ የውጭ ምንዛሪ የሚገዛ ሲሆን እንዶድ ግን በገበሬው አጥር ሥር የሚበቅል ነው።

ታዲያ ዓለም ፈጥኖ አልተቀበላቸውም። የዓለም አቀፍ ድርጅቶች ባለሙያዎች የተክሉ ደኅንነት በታወቁ ቤተ ሙከራዎች ይረጋገጥ አሉ፤ ለዚያ የሚያስፈልገው ገንዘብ ግን ለረጅም ጊዜ አልተገኘም። መጠየቁ በራሱ ስሕተት አልነበረም፤ ወደ ውኃ የሚጨመር ነገር ሁሉ መመርመር አለበትና፤ እንዶድም ዓሣን እንደሚገድል ታውቋል። ዶክተር አክሊሉን ያሳዘናቸው ግን ጥያቄው ሳይሆን፣ በአፍሪካውያን እጅ የተሠራ ምርምር ገና ከጅምሩ በጥርጣሬ መታየቱ ነበር። ይህንንም በግልጽ ተናግረዋል። በኋላ ከካናዳ በተገኘ ድጋፍ ምርመራው ተካሄደ። በዚህ ሁሉ ዘመን የእንዶድን አዝመራ ያጠኑት ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ከጎናቸው አልተለዩም።

እ.ኤ.አ. በ1989 ሁለቱ ሊቃውንት አማራጭ ኖቤል እየተባለ የሚጠራውን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት በስዊድን ተቀበሉ። ከአድዋው ቀን 25 ዓመታት አልፈው ነበር። እዚህ ላይ አንድ ሌላ ታሪክ ትዝ ይለናል። የ1926 የሕክምና ኖቤል ሽልማት የተሰጠው ዴንማርካዊው ዮሃንስ ፊቢገር በአይጦች ላይ ካንሰር የሚያመጣ ትል አገኘ ተብሎ ነበር፤ የኋላ ምርምር ግን መደምደሚያው ትክክል እንዳልነበረ አሳየ። ሽልማት አንዳንድ ጊዜ ይፈጥናል፣ አንዳንድ ጊዜም ይዘገያል። የሥራውን እውነተኛነት የሚፈትነው ዘመን ነው።

በቀጣዩ ዓመት ለክብር ዲግሪ ወደ አሜሪካ ቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ በሄዱ ጊዜ፣ በዚያ አገር ሐይቆች የውኃ ቧንቧ የሚደፍን አንድ ዛጎል ለባሽ ፍጥረት ማስቸገሩን ሰሙ። እንዶድ ቢሞከርስ ብለው አሳሰቡ፤ ተሞከረና ገደለው። ዩኒቨርሲቲው በዚህ ላይ የባለቤትነት መብት ማስመዝገቡ ግን የእናቶች ዕውቀት ንብረትነቱ የማን ነው የሚል ክርክር አስነሥቷል።

ዶክተር አክሊሉ በተባበሩት መንግሥታት ድርጅት፣ በተለይም በሕፃናት መርጃ ድርጅቱ ካገለገሉ በኋላ መጋቢት 27 ቀን 1989 ዓ.ም. ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ። ያቋቋሙት ኢንስቲትዩት ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በስማቸው ይጠራል። ቢልሃርዚያን ለመዋጋት አሁን በሰፊው የሚሰጠው ፕራዚኳንቴል የተባለው መድኃኒት ነው፤ ብዙዎችንም አድኗል። ነገር ግን መድኃኒቱን የዋጠ ልጅ ወደዚያው ውኃ ከተመለሰ እንደገና ይያዛል። ስለዚህ ወንዙን የማጽዳት ጥያቄ አልተዘጋም።

በአድዋ ወንዝ እንዶዱን የጨመረችው እናት ስሟ በማንኛውም ሽልማት ላይ አልተጻፈም። እኛ ግን የዶክተር አክሊሉን ስም ባነሣን ቁጥር እርሷንም ልናስብ ይገባናል፤ ዕውቀቱን ከእጇ ተቀብለው ለዓለም ያደረሱት እርሳቸው ናቸውና። ወጣቶቻችንም ለምርምር ሲነሡ በአጠገባቸው ያለውን ወንዝና በዳሩ የሚሠሩትን ሰዎች አስቀድመው እንዲመለከቱ አደራ እንላለን።