ከሽልማት መድረክ ውጪ፦ የአቤ ጉበኛ የደራሲነት ግብና የቅኔ ቤት ውርሱ

መግቢያ

ስለ ዘመናዊው የአማርኛ ሥነ ጽሑፍ ታሪክ በሚደረጉ ጥናቶች ውስጥ ውድድርና ሽልማት በአብዛኛው እንደ ማዕረግ መመዘኛ ይቆጠራሉ። በ1950ዎቹ አጋማሽ የተቋቋመው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሽልማት ድርጅት በአማርኛ ሥነ ጽሑፍ ዘርፍ ከበደ ሚካኤልን፣ ጸጋዬ ገብረ መድኅንን፣ መንግሥቱ ለማንና ሐዲስ ዓለማየሁን አክብሯል። እነዚህ ስሞች ዛሬም በመማሪያ መጻሕፍት ግንባር ቀደም ናቸው። ሆኖም በዚያው ዘመን በአንባቢ ዘንድ እጅግ ከታወቁት ደራስያን አንዱ የሆነው አቤ ጉበኛ ከዚህ ዝርዝር ውጪ ነው። ይህ አጭር ጽሑፍ የአቤን ሕይወት ከአንድ ጥያቄ አንጻር ይመለከታል፤ ጥያቄውም ሽልማት ያላገኘ ደራሲ የራሱን የሥራ ግብ በምን መሥፈርት ቀረጸ፣ ግቡንስ ለማሳካት ምን ከፈለ የሚል ነው። መከራከሪያው ደግሞ የአቤ መሥፈርት በከተማ ከተቋቋሙት የሽልማት መድረኮች ይልቅ በጎጃምና በቤጌምድር የአብነት ትምህርት ቤቶች ከሰፈነው የቅኔ ሥርዓት ጋር የሚቀራረብ ነበር የሚል ነው።

የአብነት ትምህርት ቤቱ ዓለም

አቤ ጉበኛ በ1925 ዓ.ም. በጎጃም፣ በአቸፈር፣ ቆረንጭ በተባለ ቦታ ተወለደ። ዐሥር ዓመት ያህል በጎጃምና በቤጌምድር በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤቶች አሳለፈ። ይህ ጊዜ በሕይወት ታሪኩ ውስጥ ብዙውን ጊዜ በአንድ ዐረፍተ ነገር የሚታለፍ ቢሆንም ደራሲውን ለመረዳት ግን ዋና ቁልፍ ነው።

የዓባይ ወንዝ ሁለቱን አገሮች በአስተዳደር ቢከፍልም በትምህርት ረገድ አንድ ሰፊ መንደር ያህል ነበሩ። የቅኔ ተማሪ ወደ ጎጃም ይወርዳል፤ የዜማ ተማሪ ወደ ቤጌምድር ይወጣል። በሞጣ በኩል በሰባራ ድልድይ ዓባይን የተሻገረ መንገደኛ ወደ እስቴ ይገባል፤ ከእስቴ ወደ ምሥራቅ ሲዘልቅ ስማዳና ጋይንት ይቀበሉታል። በጋይንት የምትገኘው ቤተልሔም የድጓ ምስክር ስትሆን ዙር አባ ደግሞ የዝማሬና የመዋሥዕት ምስክር ናት። በሌላ ቦታ የተማረ የድጓ መምህር ቤተልሔም ደርሶ ካልተመሰከረለት ዕውቀቱ ሙሉ ነው አይባልም ነበር። ስለሆነም ለዚያ አካባቢ ተማሪ የዕውቀት ግብ ቦታም ነበረው፤ ተማሪው የት ደርሶ በማን ፊት መቆም እንዳለበት ከመነሻው ያውቃል።

የተማሪው ኑሮ የታወቀ ነው። ደበሎ ለብሶ፣ አኮፋዳ አንግቶ፣ ከውሻ ጋር እየታገለ በየደጃፉ የዕለት ጉርሱን ይለምናል፤ ማታ ማታ በጎጆው ያጠናል። ከዚህ ኑሮ ውስጥ ለዚህ ጥናት የሚጠቅሙ ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛው ድህነት ተማሪውን ከትምህርት የማያግደው፣ ይልቁንም የትምህርቱ አካል የሆነ ሁኔታ መሆኑ ነው። ሁለተኛው ተማሪው የሚበላውን የሚያገኘው ከገበሬው ደጃፍ እንጂ ከመሳፍንት ግምጃ ቤት አለመሆኑ ነው። ዕውቀቱን የሚያኖረው ሕዝቡ ነው።

የቅኔ ትምህርት ራሱ በደረጃ የተሠራ ነው። ጀማሪው በሁለት ቤት በሚቋጨው ጉባኤ ቃና ይነሣል። ከዚያ አምስት ቤት ወዳለው ዋዜማ፣ ስድስት ቤት ወዳለው ሥላሴ፣ በመጨረሻም ስምንት ቤት ወዳለው መወድስ ያድጋል። በእያንዳንዱ ደረጃ ቤት ሞላ እስኪባል ድረስ በየቀኑ አዲስ ቅኔ ቆጥሮ ለመምህሩ ይነግራል። ትናንት የተነገረ ቅኔ ለዛሬ አያገለግልም፤ የሌላውን ቅኔ ደግሞ የራሱ አስመስሎ ማቅረብ ነውር ነው። መምህሩ በጉባኤ መካከል ያርማል፤ ባልንጀሮች ይሰማሉ፣ ይተቻሉ። በበዓል ቀን በማሕሌት የተዘረፈ ቅኔ ከሆነ ደግሞ ዳኛው የተሰበሰበው ሊቅ ሁሉ ነው። ይህ ውድድር ነው፤ ይሁን እንጂ በዓመት አንድ ጊዜ የሚካሄድ፣ አንዱን አሸናፊ አድርጎ ሌላውን የሚያሰናብት ውድድር አይደለም። ተማሪው በየዕለቱ የሚወዳደረው ከትናንቱ ራሱ ጋር ነው።

የከተማው መድረክ

አቤ ከአብነት ትምህርት በኋላ ዘመናዊ ትምህርት ቀስሞ በአዲስ አበባ በማስታወቂያ ሚኒስቴር በጋዜጠኝነት፣ በኋላም በጤና ጥበቃ ሚኒስቴር አገልግሏል። በእነዚያ ዓመታት በዋና ከተማዋ ጎልቶ ይታይ የነበረው የጽሑፍ ውድድር በዩኒቨርሲቲ ኮሌጁ በኮሌጅ ቀን የሚካሄደው የግጥም ውድድር ነበር። የተመረጡት ግጥሞች በአደባባይ ይነበቡ፣ ባለግጥሞቹም ይሸለሙ ነበር። በ1953 ዓ.ም. ታምሩ ፈይሳ «ደሃው ይናገራል» በተሰኘው ግጥሙ አሸናፊ ሲሆን መድረኩ የማኅበራዊ ሂስ መድረክ እየሆነ መምጣቱ በግልጽ ታየ። ከታኅሣሥ 1953ቱ የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ ወዲህ ደግሞ በተማሪ ገጣምያንና በቤተ መንግሥቱ መካከል ያለው መተማመን ላላ።

ስለዚህ በዘመኑ ሁለት ዓይነት መድረክ ነበር ማለት ይቻላል። የመጀመሪያው ለተማሪዎች የተከለለው የኮሌጁ ውድድር ሲሆን ሁለተኛው በዳኞች ተመርጦ በዘውዱ ስም የሚሰጠው ከፍተኛ ሽልማት ነው። ሁለቱም ለሥነ ጽሑፍ እድገት ያደረጉት አስተዋጽኦ የሚናቅ አይደለም። ሁለቱም ግን የጸሐፊውን ሥራ ለአንድ ቀንና ለአንድ አዳራሽ የሚያዘጋጁ፣ የመጨረሻ ፍርዱንም ከመንግሥት አደባባይ የሚጠብቁ ነበሩ።

በብዕር የመኖር ውሳኔ

አቤ የመረጠው ሦስተኛ መንገድ ነው። የመጀመሪያ ሥራዎቹ በአንባቢ ዘንድ ተቀባይነት ሲያገኙ የመንግሥት ሥራውን ትቶ ሙሉ ጊዜውን ለድርሰት ሰጠ። ይህ ውሳኔ በዘመኑ ምን ያህል እንግዳ እንደነበር ለመገንዘብ የሌሎቹን ታላላቅ ደራስያን ኑሮ ማስታወስ ይበቃል። ሐዲስ ዓለማየሁ ዲፕሎማትና ሚኒስትር ነበሩ፤ ከበደ ሚካኤል በከፍተኛ የመንግሥት ኃላፊነት ሠርተዋል፤ ብርሃኑ ዘሪሁን ጋዜጠኛና የጋዜጣ አዘጋጅ ነበር። ድርሰት ከደመወዝ ጎን የሚሠራ ሥራ ነው። መጽሐፍ የሚገዛው የከተማ አንባቢ ቁጥሩ ጥቂት፣ ሰፊው ገበሬ ደግሞ ፊደል ያልቆጠረ በሆነበት አገር በብዕር ብቻ ለመኖር መነሣት እንደ ቆሎ ተማሪው ሕይወት በሕዝቡ ደጃፍ መተማመን ነው። አቤ በኢትዮጵያ ድርሰትን ብቸኛ መተዳደሪያቸው ለማድረግ ከሞከሩት የመጀመሪያዎቹ ደራስያን አንዱ የተባለው በዚህ ምክንያት ነው።

የግቡ ይዘት ከርእሰ ጉዳዮቹ ይነበባል። «የሮም አወዳደቅ» በተሰኘው ተውኔቱ የኃያል መንግሥትን መፍረስ ለኢትዮጵያዊ ተመልካች አቀረበ። «የፓትሪስ ሉሙምባ አሳዛኝ አሟሟት» የተሰኘው ሥራው ደግሞ የኮንጎው መሪ በ1961 እ.ኤ.አ. ከተገደለ በኋላ፣ የኢትዮጵያ ወታደሮች በተባበሩት መንግሥታት ሥር ኮንጎ በነበሩበት ዘመን፣ የአፍሪካን ጉዳይ ወደ አማርኛ መድረክ አመጣ። በሁለቱም ሥራዎች የሩቁ ታሪክ ሰም ሲሆን የቅርቡ የአገር ጉዳይ ወርቅ ነው ብሎ መተርጎም ለቅኔ ቤት አንባቢ አስቸጋሪ አልነበረም።

የ«አልወለድም» ዋጋ

የአቤ ግብ እጅግ የተፈተነው በ1955 ዓ.ም. በታተመው «አልወለድም» ነው። የልቦለዱ መነሻ እንግዳ ነው፤ በድሃ እናት ማኅፀን ያለ ፅንስ ፍትሕ ወደሌለበት ዓለም መምጣትን እምቢ ብሎ ይሟገታል። ሙግቱ ሳይሳካለት ይወለዳል፤ አድጎም የተሟገተለትን ነገር በተግባር ለማዋል ይታገላል። ደራሲው የአገር ስም ሳይጠራ የድህነትን፣ የሥልጣንንና የዓመፅን ጥያቄ በአንድ ላይ አነሣ።

መጽሐፉ ጥቂት መቶ ቅጂዎች እንደተሸጠ ታገደ፤ የቀረውም ቅጂ ተቃጠለ። ደራሲው ራሱ በኋላ ወደ ኢሉባቦር፣ ጎሬ፣ በግዞት ተልኮ ዓመታትን አሳልፏል። በብዕር ለመኖር ለወሰነ ሰው የመጽሐፍ መቃጠል ሁለት ጉዳት አለው፤ ሐሳቡ ይታፈናል፣ እንጀራውም ይነጥፋል። ደመወዝ ያለው ደራሲ የመጀመሪያውን ብቻ ይቀምሳል። ይህ ልዩነት በዘመኑ ሳንሱር ላይ በሚደረጉ ጥናቶች ውስጥ ተለይቶ ሊታይ የሚገባው ነው።

ይሁን እንጂ እገዳው የመጽሐፉን ዝና አልገደለም። በገበያ የጠፋው መጽሐፍ በወሬ ኖረ፤ ደራሲውም በወጣቱ አንባቢ ዘንድ የድፍረት ምሳሌ ሆነ። የሽልማት ዳኞች ሊሰጡት የማይችሉትን ማዕረግ የሳንሱሩ እሳት ሰጠው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

«አንድ ለናቱ» እና የቤጌምድር ታሪክ

በ1961 ዓ.ም. የታተመው «አንድ ለናቱ» አቤን ወደ ቤጌምድር ምድር መልሶታል። የልቦለዱ ጉዳይ የካሣ ኃይሉ፣ የኋላው ዐፄ ቴዎድሮስ፣ አስተዳደግና ወደ ሥልጣን ያደረገው ጉዞ ነው። ስለ ቴዎድሮስ ቀደም ሲል ግርማቸው ተክለ ሐዋርያት በተውኔት፣ ብርሃኑ ዘሪሁን ደግሞ «የቴዎድሮስ እንባ» በተሰኘው ልቦለድ ጽፈዋል፤ ጸጋዬ ገብረ መድኅንም በተውኔት ተመልክቶታል። በእነዚህ ሥራዎች መካከል የአቤ ድርሰት የሚለየው ትኩረቱን በልጅየውና በእናቱ ላይ በማኖሩ ነው፤ ርእሱም ይህንኑ ይመሰክራል።

ምርጫው ድንገተኛ አይደለም። የካሣ ባላንጣዎች ኮሶ ሻጭ እያሉ እናቱን ይሰድቡ እንደነበር የታሪክ ጸሐፍት መዝግበዋል። «አልወለድም» በድሃ እናት ማኅፀን ይጀምራል፤ «አንድ ለናቱ» ደግሞ በተሰደበች እናት ልጅ ላይ ይገነባል። በሁለቱም የአቤ ጥያቄ አንድ ነው፤ ትውልዱ ዝቅ ያለ ሰው ዓለምን ለመለወጥ ቢነሣ ምን ይገጥመዋል? አንዱ በምናብ አገር፣ ሌላው በታሪክ ምድር መልስ ይፈልጋል።

ለቤጌምድር ምሥራቃዊ ክፍል ይህ ታሪክ ሩቅ አይደለም። ካሣ ከራስ ዓሊ እጅ የነጠቃት ደብረ ታቦር ለእስቴ ጎረቤት ናት። ንጉሡም በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ደብረ ታቦርን አቃጥሎ የመጨረሻ ጉዞውን ወደ መቅደላ ሲያደርግ ሴባስቶፖል የተባለውን ከባድ መድፍ እያስጎተተ ያለፈው በጋይንት፣ በጨጨሆ በኩል ወደ ዋድላና ደላንታ ነው። ድንጋይ እየተፈነቀለ፣ መንገድ እየተጠረገ ወራት የፈጀው ያ ጉዞ የአካባቢው ትዝታ ሆኖ ቀርቷል።

የውጭው መድረክ

አቤ በአማርኛ ብቻ አልተወሰነም። «ዘ ሳቬጅ ገርል» የተሰኘውን የእንግሊዝኛ ተውኔቱን በ1964 እ.ኤ.አ. አሳተመ። በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ደግሞ በአሜሪካ በአዮዋ ዩኒቨርሲቲ በሚካሄደው ዓለም አቀፍ የጸሐፍት ፕሮግራም ተሳተፈ። ፖል ኤንግልና ባለቤቱ ኒየ ኋሊንግ በ1967 እ.ኤ.አ. የመሠረቱት ይህ ፕሮግራም የውድድር መድረክ ሳይሆን ከየአገሩ የመጡ ደራስያን ለተወሰነ ወራት ኑሯቸው ተችሎ የሚጽፉበትና የሚወያዩበት ነው። የ«አደፍርስ» ደራሲ ዳኛቸው ወርቁም በዚሁ ፕሮግራም አልፏል። በ1975 እ.ኤ.አ. የታተመው የአቤ የእንግሊዝኛ ልቦለድ «ዲፋያንስ» በጣሊያን ወረራ ዘመን በአዲስ አበባ የነበረውን መከራና እምቢተኝነት ይተርካል።

ከአገር ውስጥ ሽልማት ውጪ ለቆየ ደራሲ አዮዋ የጽሑፍ ጊዜን እንደ ሥራ ጊዜ የሚቆጥር ተቋም ነበር። ከዚህ አንጻር ከከተማው ውድድር ይልቅ ተማሪው ለዓመታት ተቀምጦ ቅኔ ለሚቆጥርበት ጉባኤ ቤት ይቀርባል።

ማጠቃለያ

አቤ ጉበኛ በ1972 ዓ.ም. በአርባዎቹ ዕድሜ አጋማሽ አረፈ። ከኋላው ልቦለዶችን፣ ተውኔቶችን፣ የግጥም መድበሎችንና ትርጉሞችን ትቷል። በአጭር ዕድሜ ይህን ያህል መጻፉ የቅኔ ቤቱን ልማድ ያስታውሳል፤ ለዛሬ የሚያስፈልገው የዛሬ ሥራ ነው፣ ትናንት የተነገረው አልፏል። የብዛቱ ዋጋም ነበረው፤ ሐያስያን በአንዳንድ ሥራዎቹ ላይ ስብከት መብዛቱንና የገጸ ባሕርያት ቀረጻ መሳሳቱን ተችተዋል። በየዕለቱ ቅኔ የሚነግር ተማሪም ሁሉንም ቀን አያምርለትም።

ከዚህ ሕይወት ሁለት ነጥቦች ይወጣሉ። አንደኛ፣ የአማርኛ ልቦለድን ታሪክ በሽልማት ዝርዝር ብቻ መጻፍ አንባቢ የመረጣቸውን፣ ሳንሱር የመታቸውንና በብዕራቸው ለመኖር የሞከሩትን ደራስያን ከታሪኩ ጠርዝ ላይ ያስቀምጣል። ሁለተኛ፣ የደራሲ ግብ ከየት እንደሚመነጭ ለመመርመር የከተማ ተቋማትን ብቻ ሳይሆን የቤተልሔምን፣ የዙር አባንና የጎጃምን የቅኔ ቤቶች የትምህርት ሥርዓት ማጥናት ያስፈልጋል። እነዚህ ቤቶች ዜማና ቅኔ ብቻ አላስተማሩም፤ በድህነት ውስጥ ሆኖ ለረጅም ግብ መሥራትን፣ ሥራን በየዕለቱ በሰው ፊት ማቅረብን፣ መታረምንና በማግሥቱ እንደገና መጀመርን አስተምረዋል። አቤ ጉበኛ ይህን ልማድ ወደ ታተመው ልቦለድ አሻገረ፤ ዳኛም አድርጎ የመረጠው መጽሐፉን ገዝቶ የሚያነበውን ሰው ነበር።