ገብረ ክርስቶስ ደስታ፦ በስሙ ሙዚየም የተሰየመለት ሠዓሊ

ከግራና ተነስቶ በመርሳና በደሴ በኩል አዲስ አበባ የሚሄድ ቤተሰብ ብዙ ነው። አንዱ ለሠርግ፣ አንዱ ለለቅሶ፣ ሌላው ለሕክምና ወይም ልጅ ለመጠየቅ ይሄዳል። ጉዳይ አልቆ አንድ ቀን ሲተርፍ ልጆችን ይዞ የሚኬድበት ጥሩ ቦታ አለ። አምስት ኪሎ ሉሲ ያለችበት ብሔራዊ ሙዚየም ነው። ከዚያ ወደ ስድስት ኪሎ በእግር ወጣ ሲባል ደግሞ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር የሚገኘው ዘመናዊ የሥነ ጥበብ ሙዚየም፣ የገብረ ክርስቶስ ደስታ ማዕከል ይገኛል። ልጆች እዚያ ሲደርሱ መጀመሪያ የሚጠይቁት ይህ ሰው ማን እንደሆነ ነው። እናቶች መልሱን ይዘን ብንሄድ መልካም ነውና የሕይወቱን ታሪክ እነሆ። ዓመተ ምሕረቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ገብረ ክርስቶስ በ1932 በሐረር ከተማ ተወለደ። አባቱ አለቃ ደስታ የቤተ ክርስቲያን ሰው ነበሩ፤ የብራና መጻሕፍትንም በሐረግና በሥዕል ያስጌጡ ነበር። ልጁ ቀለምና ብሩሽን መጀመሪያ ያየው በገዛ ቤቱ ነው። ትምህርቱን በሐረር ጀምሮ ወደ አዲስ አበባ መጣ፤ በጄኔራል ዊንጌት ትምህርት ቤት ተማረ። ቀጥሎ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ገብቶ ሳይንስ ማጥናት ጀመረ፤ ነገር ግን ልቡ ሥዕል ላይ ስለነበረ ሳይጨርስ ወጣ።

በ1950ዎቹ መጨረሻ የትምህርት ዕድል አግኝቶ ወደ ጀርመን ሀገር ኮሎኝ ከተማ ሄደና ሥነ ጥበብ አጠና። በዚያን ጊዜ የአውሮፓ ሠዓሊዎች የሰውን መልክ ወይም ዛፉን እንዳለ ከመሳል አልፈው ስሜትን በቀለምና በቅርጽ ብቻ ይገልጹ ነበር። እሱም ይህን መንገድ ያዘ። ትምህርቱን ጨርሶ በ1960ዎቹ መጀመሪያ ወደ ሀገሩ ተመለሰና አለ ፈለገ ሰላም በመሠረቱት የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት መምህር ሆነ።

ሕዝባችን የለመደው የቅዱሳንን ሥዕል፣ የጦርነትን ታሪክና የነገሥታትን መልክ ነበር። እሱ ክብ፣ መስመርና ድፍን ቀለም ይዞ ሲመጣ ብዙ ተመልካች ግራ ተጋባ፤ ይህ የእኛ አይደለም ያለም ነበር። እሱ ግን ሥራውን አላቆመም። ከታወቁት ሥዕሎቹ አንዱ በቀይ ቀለም የተሞላውና የክርስቶስን መከራ የሚያስበው ጎልጎታ ነው። በ1965 የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የሽልማት ድርጅት በሥነ ጥበብ ሸለመው። ገጣሚም ነበር። ሀገሬ የሚለው ግጥሙ የሀገር ናፍቆት ላለበት ሰው ሁሉ ዛሬም ቅርብ ነው።

ይህ ሁሉ ሲሆን ገብረ ክርስቶስ የስጋ ደዌ ሕመምተኛ ነበር። ይህ በሽታ በሀገራችን ሰውን ከማኅበር፣ ከጋብቻና ከማዕድ ሲለይ የኖረ ነው። እሱ በተወለደባት ሐረር እንኳ ለሕመምተኞች የተለየ መጠለያ የተከፈተው በ1901 ነበር። እንዲህ ባለ ዘመን አንድ ታማሚ ተማሪ፣ ቀጥሎም መምህር፣ ሠዓሊና ተሸላሚ ሆነ። ቤት ውስጥ ተደብቆ ቀርቶ ቢሆን ኖሮ ሀገሪቱ የምታጣው ነገር ምን ያህል እንደነበር ማሰብ ነው።

ደርግ ሥልጣን ከያዘ በኋላ በ1970ዎቹ መጨረሻ ከሀገር ወጣ። በኬንያ አድርጎ ጀርመን፣ ከዚያም አሜሪካ ገባ። በ1981 በኦክላሆማ ግዛት ሕይወቱ አለፈ። ሃምሳ ዓመት እንኳ አልሞላውም። ግጥሞቹ መንገድ ስጡኝ ሰፊ በሚል ርእስ በመጽሐፍ የወጡት እሱ ከሞተ ከሃያ ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። ጀርመን ሀገር የቀሩት ሥዕሎቹም ወደ አዲስ አበባ መጥተው ሙዚየሙ በ2008 ተከፈተ። ሰውየው ያልተመለሰበትን ሀገር ሥራው ተመልሶ ገባበት።

ይህን ታሪክ ለማኅበራችን የጻፍኩት ለሽርሽር ብቻ ብዬ አይደለም። በየመንደራችን ስጋ ደዌን ዘር ነው፣ እርግማን ነው የሚል ሰው አሁንም አይጠፋም። በልጇ ገላ ላይ የነጣ ወይም የቀላ፣ ሲነኩት የማይሰማ ምልክት ያየች እናት ወሬ ፈርታ ብትደብቀው የልጁ እጅና እግር ይጎዳል። ስጋ ደዌ በዘር አይወረስም፤ ከጀርም የሚመጣ ነው። ዛሬ እንደ ሕመሙ ዓይነት በ6 ወይም በ12 ወር መድኃኒት ይድናል፤ መድኃኒቱም በነጻ ይሰጣል። ሕክምና የጀመረ ሰው በአጭር ጊዜ ውስጥ ለሌላ ማስተላለፉን ያቆማል። ቀድሞ የታከመ ሰው አካሉ ሳይጎዳ ይድናል። ጤና ጣቢያ መሄድ የመጀመሪያው እርምጃ ነው፤ ደሴ አጠገብ ያለው የቦሩ ሜዳ ሆስፒታልም በዚህ ሕክምና ከድሮ ጀምሮ የታወቀ ነው።

እኛም በማኅበር ደረጃ የምንችለው አለ። የታመመችን እህት ከዕቁብም ከቡናም አለመለየት፣ ወደ ሕክምና ስትሄድ አብሮ መሄድ፣ ልጇ ከትምህርት እንዳይቀር ማገዝ ገንዘብ የማይጠይቅ ሥራ ነው። ደጋፊዎቻችን ለደብተርና ለትራንስፖርት የሚሰጡትም እርዳታ እዚህ ላይ ይውላል። አዲስ አበባ የምትሄዱ እህቶች ደግሞ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ስድስት ኪሎ ብቅ በሉ። ሥዕሉ ምን እንደሆነ ካልገባቸው አትጨነቁ፤ የትኛውን ቀለም እንደወደዱ ጠይቋቸው፤ ከዚያም የሠዓሊውን ታሪክ ንገሯቸው።