አይዛክ ዋልተን፦ በጦርነት መሃል ስለ ዓሣ የጻፈው ነጋዴ

እኔ ያደግሁት አጋርፋ ነው፣ የስንዴና የገብስ አገር። ዓሣ ማጥመድ እኛ ዘንድ የቱሪስት ነገር ነበር። ዲንሾ አካባቢ ወንዝ ዳር ቆመው ስታዩአቸው መንጠቆአቸው ላይ ትል እንኳን የለም፤ በላባና በክር የተሠራች የውሸት ዝንብ እንጂ። ዝንቧ ክብደት ስለሌላት የሚወረወረው ከባዱ ክር ነው፤ እሷ ተከትላ ትሄዳለች። የሚያጠምዱት ትራውት ራሱ እንግዳ ነው። እንግሊዞች በ1905 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ኬንያ አስገቡት፣ በጃንሆይ ዘመን ደግሞ ከኬንያ መጥቶ ወይብና ዳንካ ውስጥ ተለቀቀ።

ከዓሣው ጋር አንድ ስም አብሮ ይነሳል፤ አይዛክ ዋልተን።

ዋልተን በ1593 እንግሊዝ፣ ስታፎርድ ከተማ ተወለደ። አባቱን በሕፃንነቱ አጣ። ዩኒቨርሲቲ የሚባል ደጅ አልረገጠም፤ ለንደን ገብቶ ንግድ ተማረና የራሱን ሱቅ ከፈተ። እዚህ ድረስ የተሳካለት የንግድ ሰው ታሪክ ነው። ቤቱ ግን ሌላ ነበር። ከመጀመሪያ ሚስቱ ሰባት ልጆች ወለደ፣ አንድም አልተረፈለትም። በ1640 እሷም ሞተች።

ከዚያ የእርስ በርስ ጦርነት መጣ። ዋልተን የንጉሡ ወገን ነበር፣ ወገኑም ተሸነፈ። ንጉሡ በ1649 አንገቱ ተቀላ። በ1651 ልጁም ተሸንፎ ሲሸሽ፣ ዋልተን ከንጉሣዊው ጌጥ አንዱን ደብቆ ለንደን አደረሰ። ቢያዝ መዘዙ ቀላል አልነበረም።

እንግዲህ ይሄ ሰው ነው በ1653፣ ስድሳ ዓመት ሊሞላው ሲል፣ «ዘ ኮምፕሊት አንግለር» የሚባለውን ስለ ዓሣ ማጥመድ የሚያወራ ረጋ ያለ መጽሐፍ ያሳተመው። ኢኮኖሚክስ ስማር ወንዝ ዳር የሚጠፋ ሰዓት የባከነ ገቢ ተብሎ ይሰላ ነበር። ለዋልተን ግን የተረፈው ሀብት ያ ሰዓት ነበር ብዬ አስባለሁ። መጽሐፉ ላይ ሃያ ዓመት ሙሉ ሲጨምርበት ኖረ።

የሚገርመው፣ በዝንብ ማጥመድ ላይ እሱ ያን ያህል አዋቂ አልነበረም። ጎበዙ ወዳጁ ቻርልስ ኮተን ነው፣ በዕድሜ ልጁ የሚሆን ባለርስት። ኮተን ደቭ ወንዝ ዳር የዓሣ አጥማጆች ቤት ሠርቶ የሁለቱንም ስም የመጀመሪያ ፊደላት አጣምሮ ድንጋይ ላይ አስቀረጸ። በ1676ቱ እትም የዝንቡን ክፍል የጻፈው እሱ ነው፤ ዋልተንም መጽሐፌን አላጋራም አላለም። በዚያን ጊዜ ክሩ ከፈረስ ጭራ የተገመደ ነበር፣ የዛሬው መጠቅለያም ገና አልተለመደም።

ዋልተን በ1683፣ በዘጠና ዓመቱ ዊንቸስተር ከተማ ሞተ። ከሁለተኛ ሚስቱ የተረፉለት ሁለት ልጆች ነበሩ። ኑዛዜው ላይ ለትውልድ ከተማው ለስታፎርድ አንድ እርሻ ትቷል። ከገቢው በየዓመቱ ሁለት የድሃ ልጆች ሙያ እንዲማሩበት፣ ለአንዲት ድሃ ሙሽራ መዳሪያ እንዲሰጥ፣ በቀረው ደግሞ ብርዱ በሚጠናበት በጃንዋሪ መጨረሻ ወይም በፌብሩዋሪ መጀመሪያ ለችግረኞች የድንጋይ ከሰል እንዲገዛ አዝዞ ነበር።