ስሙ የተቀያየረው ክለብና ይድነቃቸው ተሰማ

ባለፈው ክረምት ጋምቤላ ውስጥ ወደምሠራበት ሆስፒታል አንድ ልጅ እግሩ ተሰብሮ መጣ። የለበሰው የቅዱስ ጊዮርጊስን ማልያ ነው። ጄሶ እያሰርንለት የዛሬ ተጫዋቾችን አንድ በአንድ ጠራልኝ፤ ይድነቃቸው ተሰማን ግን አያውቃቸውም። አልፈረድኩበትም። እኔም ተማሪ ሳለን ስማቸውን እንጂ ሥራቸውን አላውቅም ነበር።

አቶ ይድነቃቸው የተወለዱት ከጋምቤላ በመቱ በኩል ወደ አዲስ አበባ ስንወጣ በምናልፍባት ጅማ፣ መስከረም 1 ቀን 1914 ዓ.ም. ነው። አባታቸው ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በግጥምና በዜማ የታወቁ ሰው ነበሩ፤ የልጃቸው ልብ ግን ኳስ ላይ አረፈ። በ1928 ዓ.ም. የአራዳ ልጆች ቅዱስ ጊዮርጊስን ሲመሠርቱ ገና በጉርምስና ዕድሜ ላይ ነበሩ። ለዚያ ማልያ 23 ዓመት ተጫወቱ።

ክለቡ በእግሩ ሳይቆም ጣሊያን አዲስ አበባ ገባ። ስሙን ሊቶሪዮ ውቤ ሰፈር ብሎ ቀየረው፤ ሐበሻ ከነጭ ጋር እንዳይጫወትም ከለከለ። እኔ እንደሚመስለኝ፣ አቶ ይድነቃቸው ዕድሜ ልካቸውን በዘር መለያየትን የተዋጉት ይህን በልጅነታቸው ስለቀመሱ ነው።

ጠላት ሲወጣ ስሙ ተመለሰ። በ1936 ዓ.ም. በተደረገው የመጀመሪያ ሻምፒዮና ጊዮርጊስ ከአርመኖች፣ ከግሪኮች፣ ከጣሊያኖችና ከእንግሊዝ ጦር ቡድኖች ጋር ተሰለፈ። አቶ ይድነቃቸው እየተጫወቱ ፌዴሬሽኑንም አቋቋሙ። በ1949 ዓ.ም. ካርቱም ላይ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ሲመሠረት ነበሩበት። ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. ብሔራዊ ቡድናችን ግብፅን በጭማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸንፎ ዋንጫ ሲያነሣ አሠልጣኙ እሳቸው ነበሩ።

በ1964 ዓ.ም. የኮንፌዴሬሽኑ ፕሬዚዳንት ሆኑ። ከዚያ በፊት አፍሪካ ራሱን የቻለ የዓለም ዋንጫ ቦታ በመነፈጓ ከ1966ቱ የእንግሊዝ ውድድር እንድትወጣ ከታገሉት አንዱ ነበሩ። አፓርታይድን የሙጥኝ ያለችው ደቡብ አፍሪካም በ1968 ዓ.ም. ከፊፋ እስክትባረር ድረስ አልተኙም።

በደርግ ዘመን ክለቦች በመሥሪያ ቤት ሲደራጁ ጊዮርጊስ በቢራ ፋብሪካው ሥር ገብቶ ስሙም ቢራ ተባለ። አቶ ይድነቃቸው ነሐሴ 13 ቀን 1979 ዓ.ም. ሲያርፉ የልጅነት ክለባቸው ስም አልተመለሰም ነበር። ስሙ የተመለሰው ደርግ ከወደቀ በኋላ ነው። ከዚያ ወዲህም ባለሀብቶች ገብተውበታል፣ አሠልጣኝም እየመጣ ሄዷል።

ይህን የምጽፈው ለናፍቆት አይደለም። አብዛኛው የአገራችን ክለብ የሚኖረው በመንግሥት በጀት ነው፤ በጀቱ ሲደርቅ ቡድኑም አብሮ ይደርቃል። ጋቶች ፓኖምን ለብሔራዊ ቡድን ያበረከተች ጋምቤላ ተጫዋች አታጣም። የምታጣው፣ ባለቤት ቢቀያየርም ደንብ አውጥቶ፣ መዝገብ ይዞ፣ ከሥራው ንቅንቅ የማይል ሰው ነው። እኛ ተምረን የወጣን ሰዎች ይህን ማድረግ አያቅተንም፤ አንዳችን ሒሳብ እንይዛለን፣ ሌላችን ጉዳት እናክማለን።

ልጁ ጄሶውን ሊያስፈታ ሲመጣ ይህን ሁሉ ነገርኩት። ዝም ብሎ ሰማኝና አጥቂ ነበሩ ወይ ብሎ ብቻ ጠየቀኝ። አዎ፣ አጥቂ ነበሩ አልኩት።