ፓውል አይስለር፦ ሽቦን ያተመው ሰው

የጋዜጠኝነት ተማሪ ስለ ኤሌክትሮኒክስ ሰው መጻፍ ምን አገባው የሚል አይጠፋም። እኔ ግን ፓውል አይስለርን የመረጥኩት የሙያ ዘመዳችን ሆኖ ስላገኘሁት ነው። በየሬዲዮው፣ በየኮምፒውተሩና በየሞባይሉ ሆድ ውስጥ ያለው የታተመ ሰርኪዩት ቦርድ መነሻው የማተሚያ ቤት ዕውቀት ነው።

አይስለር እ.ኤ.አ. በ1907 በኦስትሪያ ዋና ከተማ በቪየና ከአይሁድ ቤተሰብ ተወለደ። በ1930 በምህንድስና ቢመረቅም አይሁዳዊ በመሆኑ በአገሩ ሥራ አጣ። ቤልግሬድ ሄዶ ባቡር ላይ ሬዲዮ የሚረብሸውን ጩኸት የማስወገድ ሥራ ጀመረ። ክፍያው በገንዘብ ፈንታ በእህል ይሁን ሲባል ያም ቀረ። ቪየና ተመልሶ በጋዜጠኝነት እየሠራ ማተሚያ ቤት ገባ፤ የኅትመትን ሙያም እዚያ ተማረ።

በ1936 ወደ እንግሊዝ ተሰደደ። በዚያን ጊዜ የሬዲዮ ሽቦ አንድ በአንድ በእጅ ነበር የሚበየደው። አይስለር ሽቦውን እንደ ጽሑፍ ማተም እንደሚቻል አሰበ። ነገሩ እንዲህ ነው፦ ስስ መዳብ ኤሌክትሪክ በማያሳልፍ ሰሌዳ ላይ ይለጠፋል፤ መስመሮቹ በመከላከያ ቀለም ይታተሙበታል፤ ቀለም ያልነካው መዳብ በኬሚካል ታጥቦ ይሄዳል። የቀረው መዳብ የሽቦውን ሥራ ይሠራል። ለፕሌሲ ኩባንያ ቢያሳየው፣ ሴት ሠራተኞች በርካሽ ስለሚበይዱ አያስፈልገንም ተብሎ ተመለሰ።

በ1940 ደግሞ እንግሊዞች የጠላት አገር ሰው ነው ብለው አሰሩት። ከናዚ የሸሸ ሰው መታሰሩ ይገርማል። ከተፈታ በኋላ ሄንደርሰን ኤንድ ስፖልዲንግ የተባለ ማተሚያ ድርጅት ቀጠረው። አይስለር የቅጥር ውሉን ሳያነብ ፈረመ። ውሉ የፈጠራ መብቱን በአንድ ፓውንድ የሚያስረክብ ነበር፤ ቴክኖግራፍ ከተባለው አዲስ ኩባንያ ግን 16.5 በመቶ ድርሻ ሰጥቶታል። የፈጠራ ማመልከቻው የገባው በ1943 ነው። አሜሪካኖች የታተመ ሰርኪዩትን ዒላማው አጠገብ ሲደርስ ራሱ በሚፈነዳ ፀረ አውሮፕላን ጥይት ላይ ተጠቀሙበት። ከጦርነቱ በኋላ ቦርዱ ዓለምን አዳረሰ። አይስለር በ1957 ከቴክኖግራፍ ለቀቀ፤ ኩባንያውም በ1963 በአሜሪካ ፍርድ ቤት ስለ መብቱ ተከራክሮ ተረታ።

ሥራው ምን እንደለወጠ ለማየት የድሮውን ፒንቦል እንውሰድ። እንደ ጆተኒ ሳንቲም የሚበላ ማሽን ሲሆን ተጫዋቹ የብረት ኳስ ወደ ታች እንዳትወድቅ በሁለት ክንፎች ይመልሳታል። እስከ 1970ዎቹ አጋማሽ ድረስ ውስጡ የሽቦ ጫካ ነበር። ከዚያ በኋላ እንደ ባሊ ያሉ የቺካጎ ኩባንያዎች በታተመ ቦርድ ተኩት።

እነዚያን ማሽኖች ዛሬም የሚጠግኑ ሰዎች አሉ። ጠጋኙ መጀመሪያ በቴስተር 5 ቮልቱ መኖሩን ያያል። ቀጥሎ የባሊን ዋና ቦርድ ባትሪ ይመረምራል፤ ባትሪው ሲያረጅ የሚያፈሰው ፈሳሽ የአይስለርን የመዳብ መስመር ይበላዋልና። ከዚያ የመሰኪያ እግሮቹ ብየዳ መሰንጠቁን ያያል። ቦርዱ ላይ አንዲት ቀይ መብራትም አለች፤ ማሽኑ ሲበራ ሰባት ጊዜ ብልጭ ካለች ሁሉ ደህና ነው። መሀል ላይ ከቆመች ቁጥሩ የታመመውን ክፍል ይጠቁማል።

እኔን የገረመኝ ይህ ሥራ ከእርማት ጋር መመሳሰሉ ነው። በእጅ የተበየደ እንደ ሠሪው ይለያያል፤ የታተመ ግን ሁሉም ቅጂ አንድ ነው። ስለዚህ ጠጋኙ ንድፉን አጠገቡ ዘርግቶ መስመር በመስመር ያመሳክራል፤ አራሚ ከረቂቁ ጋር እንደሚያመሳክር ማለት ነው። ስህተቱ የሚገኘው በማንበብ ነው።

አይስለር በኋላም የመዳብና የአሉሚኒየም ቅጠል በመጠቀም ክፍል የሚያሞቅ የግድግዳ ወረቀት ድረስ ፈጥሯል። በ1992 ለንደን ውስጥ አረፈ። ቦርዱን ሁሉም እንዲያነበው አድርጎ ያተመ ሰው የራሱን ውል ሳያነብ መፈረሙ ያሳዝናል። እኛ ነገ ከየቀጣሪው ፊት የምንቀርብ ተማሪዎች ይህን ብንይዝለት ጥሩ ነው፤ የምናሳትመውን ብቻ ሳይሆን የምንፈርመውንም እናንብብ።