ሪር አድሚራል እስክንድር ደስታ እና «ኢትዮጵያ» መርከብ

የራስ ደስታ ዳምጠው ስም ለካፋ እንግዳ አይደለም፤ ወደ ሲዳሞ ከመዛወራቸው በፊት ካፋን አስተዳድረዋል። ከዋጫም ሆነ ከቦንጋ ባሕሩ እጅግ ሩቅ ነው። የእኚህ የደጋ መስፍን ልጅ ስም ግን የሚነሣው ከቀይ ባሕር ጋር ነው።

እስክንድር ደስታ በ1926 ዓ.ም. ከልዕልት ተናኘ ወርቅ ኃይለ ሥላሴ ተወለዱ። ገና ዳዴ ሲሉ የጣሊያን ወረራ መጣ። አባታቸው በደቡብ ግንባር ተዋግተው፣ ሠራዊታቸው ከተበተነ በኋላም አርበኝነቱን ሳይተዉ፣ የካቲት 17 ቀን 1929 ዓ.ም. በፋሺስቶች ተገደሉ። ሕፃኑ አባታቸውን በቅጡ ሳያውቁ ቀሩ።

ኤርትራ በ1945 ዓ.ም. ከኢትዮጵያ ጋር በፌዴሬሽን ስትቀላቀል ሀገሪቱ የባሕር በር አገኘች። ጥቂት ዓመታት ቆይቶ ምጽዋ ላይ ባሕር ኃይል ተቋቋመ፤ የኖርዌይ መኮንኖችም በማሠልጠን ረዱ። እስክንድር በዚህ ኃይል ውስጥ እስከ ሪር አድሚራልነትና ምክትል ዋና አዛዥነት ደረሱ። የንጉሠ ነገሥቱ የልጅ ልጅ መሆናቸው መንገዱን እንዳቀለለላቸው መካድ አይቻልም።

ኢትዮጵያ ዲስትሮየር የሚባለው ፈጣን ተዋጊ መርከብ ኖሯት አያውቅም። በእስክንድር ዘመን ትልቋ መርከቧ በ1954 ዓ.ም. ከአሜሪካ በውሰት የተገኘችው፣ 95 ሜትር ያህል ርዝመት የነበራት ናት። ይህች መርከብ ጦርነትን የቀመሰችው ገና ምጽዋን ሳታይ ነው። ኦርካ በሚል ስም በ1936 ዓ.ም. አገልግሎት ጀምራ፣ በኒው ጊኒና በፊሊፒንስ ዘመቻዎች ባሕር ላይ ለሚያርፉ አውሮፕላኖች ነዳጅና ስንቅ ስታቀርብ፣ ለበረራ ሠራተኞቻቸውም ማደሪያ ስትሆን ቆይታ ሦስት የውጊያ ኮከቦች ተሸልማለች። ምጽዋ ስትደርስ «ኢትዮጵያ» ተባለች፤ መለያዋም ኤ-01 ሆነ። ዕጩ መኮንኖች የባሕርን ሥራ የሚማሩት በእርሷ ላይ ነበር። በየዓመቱ በሚከበረው የባሕር ኃይል ቀን የአሜሪካ፣ የእንግሊዝ፣ የፈረንሳይና የሶቪየት የጦር መርከቦች ወደቡን ሲጎበኙ የባለቤቲቱን ሀገር ስም ተሸክማ የምትቆመውም እርሷ ነበረች።

በ1966 ዓ.ም. የፈነዳው የወታደሮች ዐመፅ ባሕር ኃይሉንም አናወጠ። ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ ለፍርድ ሳያቀርብ አዲስ አበባ ላይ ካስረሸናቸው 60 ያህል ሰዎች መካከል አድሚራሉ አንዱ ነበሩ። ዕድሜያቸው 40 ነበር። አባትን የገደለው ወራሪ ነው፤ ልጁን ግን የገዛ ሀገራቸው ወታደር።

መርከቧ ከእርሳቸው በኋላ ከ16 ዓመት በላይ አገለገለች። ግንቦት 1983 ዓ.ም. ደርግ ሲወድቅ ባሕረተኞቿን ይዛ ወደ የመን ተሻገረች፤ ከሁለት ዓመት በኋላም እዚያው ለቁርጥራጭ ብረት ተሸጠች።