የራስ መኰንን ተስፋ

አንባቢ ሆይ፤ በአቦከር ወይም በሸንኮር የምትኖር የሐረር ሰው ብትሆን የራስ መኰንንን ስም ከልጅነትህ ጀምረህ ሰምተሃል። የሰማኸው ግን ይበልጡን ስለ ጦራቸውና ስለ ሹመታቸው ይሆናል። እኛ የምንነግርህ በመከራ መካከል ስለ ሠሩት ሥራ ነው።

ራስ መኰንን የሸዋው ንጉሥ የሣህለ ሥላሴ የልጅ ልጅ ናቸው፤ የተወለዱትም ግንቦት 1 ቀን 1844 ዓ.ም. ነው። በ1879 ዓ.ም. የሐረር ገዥ ሆነው ሲሾሙ የጨለንቆ ጦርነት ገና ማለፉ ነበርና፤ በጀጎል ውስጥ ብዙ ቤት ሐዘን ላይ ተቀምጦ ነበር። ይህን ሸፍኖ ማለፍ አይገባም፤ ያሸነፈ ክርስቲያን የተሸነፈውን ልቅሶ ሊረሳ አይችልምና። ወዲያውም በአገራችን ላይ ክፉ ቀን መጣ። ከብቱ በበሽታ አለቀ፤ በሬ የሌለው ገበሬ ማረስ አቃተው፤ ረኃቡም ሕዝቡን ጨረሰው።

ከዚያ በኋላ ሐዘን ወደ ገዛ ቤታቸው ገባ። ባለቤታቸው ወይዘሮ የሺመቤት በ1886 ዓ.ም. ሞቱ። ከእርሳቸው ከወለዷቸው ልጆች መካከል ለአካለ መጠን የደረሰ ተፈሪ ብቻ ነው፤ እርሱም ያን ጊዜ ሁለት ዓመት አልሞላውም። ራስ መኰንን ከዚህ በኋላ በዓድዋ ተዋጉ፤ በ1894 ዓ.ም. ወደ ሎንዶን ተልከው ሄዱ። ይህን ሁሉ የታሪክ መጻሕፍት ጽፈውታል።

የሚመጣውን ዓለም ተስፋ የሚያደርግ ሰው ይህን ሥጋ እንደ አሮጌ ልብስ ቢንቀው የሚደነቅ የሚመስላቸው አሉ። ቤተ ክርስቲያን ግን እንዲህ አላስተማረችንም። የሙታንን ትንሣኤ እንጂ የነፍስን ሽሽት አናምንም፤ የምንጠብቀውም አዲስ ሰማይና አዲስ ምድር ነው። ስለዚህ ጣቶቹ የተቆረጡበት ድውይ ከመንገድ ዳር የተጣለ ፍርስራሽ አይደለም፤ እግዚአብሔር ሊያድሰው ያሰበው ፍጥረት ነው። የሥጋ ደዌ በዛሬው ዘመን በመድኃኒት ይድናል፤ በዚያን ጊዜ ግን የሚያድን መድኃኒት አልነበረውም። የታመመው ሰው ከዘመዶቹ ተለይቶ ይኖር ነበር፤ ጤነኛውም ፊቱን እያዞረ ያልፈው ነበር።

ለእነዚህ ሕሙማን በፈረንጆች አቆጣጠር በ1901 ዓ.ም. የፈረንሳይ ካፑቺን መነኮሳት በሐረር አጠገብ መጠጊያ ቤት አቆሙላቸው። ይህ የሆነው በራስ መኰንን ግዛትና ፈቃድ ነው። መነኮሳቱ ካቶሊካውያን፣ ራስ መኰንን ደግሞ የተዋሕዶ ልጅ ነበሩ፤ ይህ ግን የድውዩን ማረፊያ አላስቀረም። (በሃይማኖት ክርክር ጊዜያችንን የምንፈጅ እኛ ብናስበው መልካም ነው።) በቤቱ ይጠለሉ ከነበሩት ብዙዎቹ አልዳኑም። ሆኖም ቁስላቸው ታጠበ፤ እንጀራ ቀረበላቸው፤ የሞቱትም ስማቸውን በሚያውቅ ሰው እጅ ተቀበሩ። ሊነሣ ያለውን ሥጋ በዚህ መንገድ ማክበር ራሱ የተስፋ ሥራ ነው።

በ1898 ዓ.ም. ራስ መኰንን ወደ አዲስ አበባ ሲጓዙ በመንገድ ላይ ታመሙ፤ ወደ ቁልቢም ተወሰዱ። የቁልቢን የቅዱስ ገብርኤል ቤተ ክርስቲያን ያሠሩት እርሳቸው ነበሩ። በዚያም መጋቢት 13 ቀን፣ ዐቢይ ጾም ሳይፈታ፣ ዐረፉ። የዚያ ዓመት ፋሲካ ሊደርስ ሦስት ሳምንት ከጥቂት ቀን ቀርቶት ነበር። ተፈሪ 13 ዓመቱ ነበር። አስከሬናቸውም ወደ ሐረር ተመልሶ በቅዱስ ሚካኤል ተቀበረ።